ቀስ አድርጋት

ላሊበላ የሚመጣ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ትልቁ ነገር ላይ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ቁልቁል ያያል፣ ቤተ መድኃኔ ዓለምን ዙሪያውን ይዞራል፣ አስጎብኚው «ይህ ሁሉ ከአንድ አለት ነው» ሲለው ራሱን ይነቀንቃል። ይነቅንቅ፤ ይገባዋል። እኔን የሚይዘኝ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ውስጥ የሚንጠባጠበው ውኃ ነው። ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ይላል፤ ከሥር የተቀመጡት የተፈለፈሉ የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል፤ ሰዉ ጠበል ብሎ ይወስደዋል። ትንሽ ቆም ብሎ ላየው ሰው፣ ጠብታዋ መጀመሪያ ከድንጋዩ ሥር ታብጣለች፣ ከዚያ ትንጠለጠላለች፣ ክብደቷ ሲሞላ ትለቃለች። የሚገፋት የለም።

ስለ ጠብታ ማውራት የጀመርኩት ጠብታ በመግፋት እንጀራቸውን የሚበሉ ሰዎች ስላሉ ነው። የላቦራቶሪ ሰዎች ማለቴ ነው። የሚገፉት ባዶ ውኃ ቢሆን ወሬም አይወጣው፤ ለክቶ መጨመር ነው። ጠብታዋ ሕያው ሕዋስ ከያዘች ግን ነገሩ ይከብዳል። ልኳ ትክክል ሆኖ የያዘችው ከሞተ ምን ዋጋ አለው? ልኩም ሕይወቱም እኩል መድረስ አለባቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ልክ የሚወድ እጅ መጫን ይወዳል፤ ሕዋስ መጫን አይወድም።

ድሮ ይህ ሥራ በአፍ ነበር የሚሠራው። የመስታወት ቱቦ አንዱን ጫፍ ፈሳሹ ውስጥ፣ ሌላውን ከንፈር ላይ አድርጎ መምጠጥ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ የፈረንጅ ናቸው።) በ1893 አንድ ሐኪም እንዲህ ሲመጥ የታይፎይድ ተሕዋስያን አፉ ገብተውበት እንደታመመ በሙያው ሰዎች ዘንድ ይነገራል። ያም ሆኖ መምጠጡ ከዚያ በኋላ ብዙ አሥርት ዓመታት ቀጠለ። በ1957 ማርቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ሃይንሪሽ ሽኒትገር የተባለ ሐኪም ነገሩ ሰለቸውና፣ በአውራ ጣት ተጭኖ በስፕሪንግ የሚመለስ፣ ጫፉ ፕላስቲክ የሆነ ዕቃ ሠራ። ኤፐንዶርፍ የተባለው ኩባንያ ወስዶ አባዛው። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናያት ፒፔት የዚያች ዝርያ ናት። ስልቹ ሰውም አንዳንዴ ይጠቅማል።

ፒፔት የያዘ አውራ ጣት ቁልቁል ሲወርድ ሁለት ቦታ ይቆማል። መጀመሪያ ለስለስ ያለ ማቆሚያ ያገኛል፤ የተለካው እዚያ ድረስ ነው። ጠንከር አድርጎ ከገፋ ሁለተኛውን ያገኛል፤ ያ ጫፏ ላይ የቀረችውን ለማራገፍ ነው። ጀማሪ ሁለቱን ይደባልቅና ጭልጥ አድርጎ ሲጫን አረፋ ይነሣል። አረፋ ለዓይን ምንም አይደለም። ለሕዋስ ግን ፈንጂ ነው፤ አረፋው ሲፈነዳ አጠገቡ ያሉትን ይቀድዳል። የሕዋስ ቆዳ ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህ እጅ የቀጠነ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ መፈንዳት ሲታከልበት አስቡት።

ሌላው ገዳይ ጠባብ አፍ ነው። ፈሳሽ ከሰፊ ቦታ ወደ ጠባብ ሲገባ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ውስጡ ያለውን ሕዋስ ከፊት ይስበዋል፣ ከኋላ ይጎትተዋል። ቀስ ሲሉት ሕዋሱ ቀጠን ብሎ ያልፋል፤ ሲቸኩሉ ይበጠሳል። ስለዚህ የለመደ ሰው ሰፊ አፍ ያለው ጫፍ ይመርጣል። ከሌለው መቀስ አንሥቶ የፕላስቲኩን ጫፍ ቆረጥ ያደርገዋል። ይህን መቁረጥ መጀመሪያ ሳይ የገረመኝ፣ ስንት የሚያወጣ መሣሪያ ተገዝቶ መጨረሻው መቀስ መሆኑ ነው።

ደግሞ ሕዋስ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይዘቅጣል። ጠርሙሱ ትንሽ ከቆመ ከላይ ያለው ይሳሳል፣ ከታች ያለው ይወፍራል፤ ከአንዱ ጠርሙስ የተቀዱት የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ ጠብታ አይመሳሰሉም። ስለዚህ በየመሀሉ ማወዛወዝ ያስፈልጋል፤ መናጥ ግን አይፈቀድም። በመጨረሻ ስንቱ በሕይወት እንደደረሰ የሚታወቀው በቀለም ነው። ትራይፓን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ጣል ያደርጉበትና በማይክሮስኮፕ ይቆጥራሉ። በሕይወት ያለው ሕዋስ ቀለሙን ከደጅ ይመልሰዋል፤ የሞተው መከልከል ስለማይችል ሰማያዊ ይሆናል። ለተቸኮለበት ጠብታ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

አዲስ አበባ፣ አለርት ግቢ ውስጥ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሣሽነት የተቋቋመ ነው፤ ስሙ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ያገኘው የኖርዌይ ሐኪም ስም ነው። የሥጋ ደዌ አንዱን ሰው በአንድ የደነዘዘ ነጭ ምልክት ትቶ ሌላውን መላ አካሉን የሚወርረው፣ የሁለቱ ሰዎች የደም ሕዋሳት ለባክቴሪያው የሚሰጡት ምላሽ ስለሚለያይ ነው። ያንን ለማየት ደግሞ ነጮቹን የደም ሕዋሳት ከቀዮቹ መለየት፣ ያውም በሕይወት እንዳሉ መለየት ግድ ይላል። ሙታን አይመሰክሩም።

መለያው ዘዴ አርነ ቦዩም የተባለ ኖርዌጂያዊ በ1968 ያወጣው ነው። ፊኮል የሚባል ከስኳር የተሠራ ከበድ ያለ ፈሳሽ ከቱቦው ሥር ይቀመጣል። ደሙ በጨው ውኃ ይቀጥንና ከፊኮሉ በላይ ይጨመራል፤ ሳይደባለቅ፣ ተንሳፍፎ መቅረት አለበት። ባለሙያዋ ቱቦውን ታዘነብላለች፤ የፒፔቷን ጫፍ ግድግዳው ላይ ታስጠጋለች፤ ደሙ በግድግዳው እየተንሸራተተ ይወርዳል። ጠላ የምትቀዳ ሴት አተላው እንዳይነሣባት እንስራውን የምታዘነብለው ዓይነት ነው፤ እጇ ይቀዳል፣ ዓይኗ ግን ታች ያለውን ይጠብቃል። ከዚያ ቱቦው ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሽከረከራል። ፍሬን አይያዝም፤ ማሽኑ በራሱ ጊዜ እስኪቆም ይጠበቃል፣ ምክንያቱም በድንገት ከቆመ የተለየው ሁሉ መልሶ ይደፈርሳል። ሲወጣ ቀዩ ከሥር ተኝቷል፤ ከላይ ቢጫው ፕላዝማ አለ፤ በመሀል ስስ ነጭ ቀለበት ይታያል። የተለፋው ለዚያች ቀለበት ነው። እሷን ለመምጠጥ ደግሞ ሌላ ቀስታ ያስፈልጋል።

ለዚህ ሁሉ አዲስ አበባ መሄድ አያሻም። እዚሁ ላስታ ከአቡነ ዮሴፍ ጥግ በሌሊት ተነሥታ፣ ስትወርድ ስትወጣ ረፋዱ ላይ ሆስፒታል የደረሰች እናት ክንዷን ዘርግታ ደም ስትሰጥ ያው ጉዳይ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ራሱ ደካማ አይደለም። ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ነው፤ ከራሱ በጠበቡ የደም ሥሮች ውስጥ ተጣጥፎ እያለፈ 120 ቀን ያህል ይኖራል። በቀጭን መርፌ ላይ ሲሪንጁን ሽምጥ አድርገው ሲስቡት ግን አይችልም፤ ይፈነዳል። ቱቦው ተሽከርክሮ ሲወጣ ቢጫ መሆን የነበረበት ፈሳሽ ቀላ ይላል። ፖታሲየም ከሕዋሱ ውጭ ሳይሆን ውስጡ ነው የሚበዛው፤ ሕዋሱ ሲፈነዳ ያ ሁሉ ይፈስስና ወረቀቱ ላይ የሌለ በሽታ ይጻፋል። ስለዚህ «ይደገም» ይባላል፤ የትም አገር የሚያጋጥም ነው። ለከተማ ሰው መደገም ማለት ሌላኛውን ክንድ መዘርጋት ነው። እሷ ግን ውጤቷን ሳትይዝ ዳገቱን ልትመለስ፣ በማግሥቱም በሌሊት ልትነሣ ትችላለች። አንዲት ነርስ ሲሪንጁን ስትስብ እስትንፋሷን ይዛ፣ ደሙ በራሱ ግፊት እስኪመጣ ስትጠብቅ ሳይ እንደ ጥሩ ዘፈን ነው የማደምጣት፤ ጥሩ እጅ ይታወቃል።

ደም ካነሣን አይቀር፣ የደጋ ሰው ደም የራሱ ጉድ አለው። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ሰሜን ተራራ ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምራ በ2002 ያወጣችው ነገር ሳይንቲስቶቹን አስደንቋል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች አየሩ ስለሚሳሳባቸው ደማቸው ይወፍራል፣ ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል። የእኛዎቹ ሄሞግሎቢን ግን ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ያልተለየ ሆኖ ተገኘ፤ የደማቸው የኦክስጅን መጠንም አልወረደም። እዚያ ከፍታ ላይ ቁጭ ብሎ የቆላ ሰው ደም ይዞ መገኘት ማለት ነው። የሰሜን ገበሬ ሲነገረው ምን እንዳለ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

የሕዋስ ነገር ከሰው አልፎ ከብትም ዘንድ ይደርሳል። የላስታ ሽማግሌ «ክፉ ቀን» ሲል ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ነው የሚያወራው፤ ከአያቱ ከሰማው ጋር እየደባለቀ። መነሻው በምጽዋ በኩል ለጣሊያን ጦር ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነበር። ከአሥሩ ከብት ዘጠኙን ፈጀ ይባላል። በሬው ሲያልቅ እርሻው ቆመ፣ እርሻው ሲቆም ሰው አለቀ። ይህን በሽታ ከምድር ያጠፋው ክትባት የተሠራው ሕያው ሕዋስ ላይ ነው። ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ሙጉጋ ውስጥ ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ ወደ 90 ጊዜ ያህል እያሳለፈ አለዘበው። ቢሾፍቱ ያለው፣ የእንስሳት ክትባት የሚመረትበት ብሔራዊ ኢንስቲትዩት ከ1964 ጀምሮ ያለ ነው፤ ለአገሩ ከብት ክትባት ሲቀርብ የኖረው ከዚያ ነው።

ሕዋስ የሚያረባ ሰው እጅ ላይ የምወዳት አንዲት ነገር አለች። ሕዋሳቱ ከጠርሙሱ በአንዱ ወገን ተጣብቀው እንደ ስስ ምንጣፍ ተዘርግተው ነው የሚያድጉት። ምግባቸውን የያዘው ቀላ ያለ ፈሳሽ ሲቀየርላቸው በቀጥታ አይፈስባቸውም፤ ይነቀላሉ። ባለሙያው ጠርሙሱን ገልብጦ ፈሳሹን በተቃራኒው ግድግዳ ያስገባና፣ ከዚያ ጠርሙሱን ቀስ አድርጎ ሲያስተኛው ፈሳሹ ራሱ ሄዶ ያለብሳቸዋል። ፊት ለፊት ከመስጠት ዞር ብሎ መስጠት ማለት ነው፤ የእኛ አገር ሰው ደግሞ ይህን ጥበብ በሌላ ነገር አሳምሮ ያውቀዋል።

የፕላውራይት ክትባት ጣጣ ሙቀት ነበር። በረዶ ያስፈልገዋል፤ በሽታው ደግሞ በአገራችን የመጨረሻ መሸሸጊያ ያደረገው ከላስታና ከራያ ገደል በታች ያለውን የአፋር በረሃ ነበር። ጄፍሪ ማሪነር የተባለ የእንስሳት ሐኪም ለወር ያህል ያለ በረዶ የሚቆይ ዓይነት ካዘጋጀ በኋላ፣ በ1994 የአፋር አርብቶ አደሮች ራሳቸው መርፌውን ይዘው ከብቶቻቸውን ከተቡ። በዓመቱ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ ታየ። በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከብቶቹ ግን አሉ።

ከብት ካልን ወደ ኅዳር ጽዮን ዕለት ልውሰዳችሁ። ገበሬው በዓሉ ስለሆነ ቤቱ ነው፤ ማጭድ አይነሣም። ላም ግን በዓል አታከብርም። ጠዋት ሌሎቹ ሲወጡባት ጸጥ ብላ ቆማ ታይታለች፤ ኮርማ ፈልጋለች ማለት ነው። ጠዋት የታየች ማታ ትዳቀላለች፤ ደንቡ ነው። ስለዚህ ወደ አመሻሹ የማዳቀል ቴክኒሻኑ ሞተሩን መንገድ ዳር አቁሞ፣ የናይትሮጅን ኮንቴይነሩን ተሸክሞ ቁልቁለቱን ወረደ። አገሩ መቀዝቀዝ ጀምሯል፤ ኅዳር ላይ የላስታ ደጋ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ ወዲያው ነው የሚገባው።

ሽማግሌው ቡሬ የምትባለውን ላማቸውን ከባሕር ዛፍ አጣና በተሠራ ጠባብ ማሰሪያ ውስጥ አስገብተው ጭራዋን ይዘዋል።

«ቀስ አድርጋት፣ ዶክተር። አመለኛ ናት።»

«እሺ አባባ፤ አይዞዎት።»

ልጁ ዶክተር አይደለም። በገጠሩ ከከብት ጋር የሚውል ባለሙያ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ ማረሙን ትቶታል። ሴትየዋ በፔርሙዝ ሙቅ ውኃ አመጡለት፤ ቀዝቃዛ እየጨመረ በቴርሞሜትር 37 ዲግሪ ላይ አደረሰው። ከዚያ የኮንቴይነሩን ክዳን ሲያነሣ ነጭ ጉም ተንፎለፎለ፤ ልጆቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ውስጡ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። የዘሩን መያዣ እስከ ኮንቴይነሩ አንገት ድረስ ብቻ ሳብ አደረገ፤ ከዚያ በላይ ካወጣው የሌሎቹም ነፍስ አደጋ ላይ ነው። በወረንጦ አንዲት ቀጭን ስትሮ መዘዘና ውኃው ውስጥ ጨመራት። ስትሮዋ ላይ የኮርማው ቁጥርና ዝርያው በደቃቅ ጽሑፍ ታትሟል። ሩብ ሚሊሊትር ትይዛለች፤ ሲታሸግ በውስጧ ሃያ ሚሊዮን ያህል የዘር ሕዋስ ነበረ።

ሠላሳ ሰከንድ አለፈ፤ ሽማግሌው ቡሬን እያባበሉ፣ ልጁ ሰዓቱን እያየ። ሲያወጣት በሶፍት እያገላበጠ አደረቃት። አንዲት የውኃ ጠብታ ስትሮዋ ላይ ቀርታ ብትገባ ሕዋሱ ውኃውን ጠጥቶ ይፈነዳል። ጫፏን በመቀስ ቀጥ አድርጎ ቆረጠ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ፤ የማዳቀያውን ረጅም የብረት ዘንግ ከሸሚዙ ውስጥ፣ ከሆዱ ላይ አወጣው። ቤት ከደረሰ ጀምሮ እዚያ ነበር ያሞቀው። በዚህ ብርድ ብረቱ ቀዝቅዞ ቢነካቸው ከ196 ዲግሪ የተረፉት ሕዋሳት እዚሁ በራፍ ላይ ያልቃሉ። በረዶውን የቻለ ሕያው ነገር አንዴ ከነቃ በኋላ ትንሽ ብርድ አይችልም።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ስሕተት ነው፤ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1940ዎቹ መጨረሻ ለንደን ሚል ሂል ውስጥ ክሪስ ፖልጅ፣ ኦድሪ ስሚዝና አለን ፓርክስ የአውራ ዶሮ ዘር በበረዶ ለማቆየት ስኳር ይሞክሩ ነበር፤ አልሆነም። ስኳሩን ቀዝቃዛ ክፍል አስቀምጠው ከወራት በኋላ ድጋሚ ሲሞክሩት ሕዋሳቱ ከበረዶ ወጥተው ይንቀሳቀሱ ጀመር። አዲስ ስኳር ቀምመው ሲሞክሩ መልሶ እምቢ አለ። የተረፈችውን ለኬሚስት ሰጥተው ሲያስመረምሩ ጠርሙሱ ውስጥ ስኳር የለም፤ ግሊሰሮልና የእንቁላል ነጭ ነው። የጠርሙሶቹ ጽሑፍ ተቀያይሯል። በ1949 ግሊሰሮሉን ለዓለም አሳወቁ፤ በ1951 ከበረዶ በወጣ ዘር ጥጃ ተወለደ። ግሊሰሮሉ ውኃው እንደ መርፌ ሹል በረዶ ሠርቶ ሕዋሱን እንዳይወጋው ይከላከላል። የእንቁላል አስኳል ደግሞ ከዚያ በፊት ጀምሮ ሕዋሱን ከብርድ ለመጠበቅ ያገለግል ነበር። ሲድኒ ውስጥ በ1968 የበረደ የበግ ዘር ከኃምሳ ዓመት በኋላ ግልገል አስገኝቷል።

ወደ እኛ አካባቢ ማዳቀሉ መጀመሪያ የመጣው በ1938 በጣሊያኖች እጅ አስመራ ላይ ነው፤ ጦርነቱ አቋረጠው። ከዚያ በ1967 አርሲ ውስጥ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በራሱ ጀመረ። ቃሊቲ ያለው ብሔራዊ ማዕከል ሲቋቋም ነው ሥራው የአገር ሥራ የሆነው። የማዕከሉ ሥራ ኮርማ መያዝ ብቻ አይደለም፤ ናይትሮጅኑም አለ። ናይትሮጅን ቢከፍቱትም ባይከፍቱትም ይተናል። ኮንቴይነሩ በጊዜው ካልተሞላ በውስጡ ያለው ሚሊዮን ሁሉ ምንም ሳይመስል ይሞታል፤ ሲታይ ስትሮዋ ያው ስትሮ ናት። አዲስ አበባ አጠገብ ላለ ይህ ቀላል ነው። ናይትሮጅን በጠመዝማዛ መንገድ ዳገት ወጥቶ ላስታ እስኪደርስ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ልጁ ረጅሙን ጓንት አጥልቆ ግራ እጁን አስገባ። ቡሬ ተወራጨች።

«ቀስ አድርጋት ብዬሃለሁ!»

«ቀስ ነው አባባ፣ ቀስ ነው።»

በግራው ከውስጥ የማኅፀኗን አንገት ያዘ፤ በቀኙ ዘንጉን እየመራ አንዱን ቀለበት ካንዱ እያሳለፈ አደረሰ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያለ ነው የሚገፋው። ሩብ ሚሊሊትር ለመግፋት አምስት ሰከንድ! ቢቸኩል ግማሹ ወደ አንድ ወገን ይተፋል፣ ግማሹ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለቱም ቀስ ይላሉ፤ ሽማግሌው ለሚያዩዋት አንዲት ላም፣ ልጁ ለማያያቸው ሚሊዮኖች። እኔ ከአጥሩ ተደግፌ ሁለቱን ሳይ፣ የሽማግሌው ቀስታ ባይኖር ላሟ አትቆምም፤ ላሟ ካልቆመች ያ አምስት ሰከንድ ከየት ይመጣል? ቢሾፍቱም ሆነ አለርት ያለው ባለሙያ ጠርሙሱ አይራገጥም፤ ይህን ሲያስቡት የልጁ ሥራ ከእነሱ ይብሳል።

ዘንጉ ወጣ። ልጁ ጓንቱን ገልብጦ አወለቀ። ሽማግሌው ጭራዋን ለቀው ዋናውን ጥያቄ አመጡ።

«ወንድ ይሆንልኝ ይሆን?»

ጥያቄው ቀልብ የሚስብ ነገር ያነሣል። የኮርማ የዘር ሕዋስ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሴት የሚያመጣው ከወንዱ በዲኤንኤ 4 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ሎውረንስ ጆንሰን የተባለ የአሜሪካ ግብርና ተመራማሪ በ1980ዎቹ ይህችን ልዩነት ይዞ ሕዋሳቱን በሕይወት እንዳሉ ለመለየት በቃ። ሕዋሱ በሚያበራ ቀለም ይነከራል፤ በሌዘር ፊት አንድ በአንድ ያልፋል፤ ጅረቱ ወደ ጠብታ ይበጣጠሳል፤ አንዲት ጠብታ አንድ ሕዋስ ትይዛለች። ደመቅ ካለ ጠብታዋ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ይሰጣትና ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፤ ደብዘዝ ካለ ወደ ግራ። በሰከንድ ሺዎች። ጠብታን በኤሌክትሪክ የማጠፉ ሐሳብ መጀመሪያ የመጣው ከቀለም ማተሚያ ማሽን ነው፤ ወረቀት ላይ ፊደል የሚረጨው ብልሃት ሕይወት ወደ መርጨት ዞረ ማለት ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ልክ ይወጣል። በዚያ መንገድ ያለፉት ሕዋሳት ግን ይደክማሉ፤ ቶሎ አያስረግዙም።

ልጁ ይህን ሁሉ አላብራራም። «ሴት የሚያመጣ ተለይቶ ይሠራል አባባ፤ ወንድ የሚፈልግ ግን ብዙ የለም» አላቸው።

«እንዴት አይፈለግ?»

«ለወተት ነው የሚፈልጉት።»

«ሁሉም ሴት ሴት ካለ ማን ሊያርስ ነው?»

እኚህ ሽማግሌ ያላቸው አንድ በሬ ነው። ከጎረቤታቸው ጋር በመቀናጆ ነው የሚያርሱት፤ አንድ ቀን የእሳቸውን፣ አንድ ቀን የእሱን። ዝናብ ሲጥል ሁለቱም ማሳ እኩል ይጠራል፤ የማን እንደሚቀድም ደግሞ በየዓመቱ ይከራከራሉ። ስንት ሌዘርና ስንት ማሽን ሴት ጥጃ ለማግኘት ሲደክም፣ እዚህ ደጋ ላይ የሚፈለገው ወይፈን ነው። ይህን ለእነ ጆንሰን የነገራቸው ያለ አይመስለኝም።

«ሻኛውስ?» አሉ ቀጠሉና። «የፈረንጁ ክልስ ሻኛ የለውም። ጎረቤቴ ያለው ቀንበሩ ከትከሻው እየሸሸ መከራ አሳየው።»

«ይሄ የቦረና ነው አባባ። ሻኛ አለው።»

ሽማግሌው ስትሮዋ የወጣችበትን ኮንቴይነር በአዲስ ዓይን አዩት። ልጁ መዝገቡን አውጥቶ ጻፈ፤ «በሃያ አንደኛው ቀን አካባቢ ይዩዋት። መልሳ ኮርማ ካልፈለገች ይዛለች» አላቸው።

«ዛሬ ጽዮን፤ ለታኅሣሥ ሚካኤል» አሉ፣ ጣታቸውን እንኳ ሳያጥፉ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ደመረ። ልክ ነው።

«እንግዲህ ሴትም ብትሆን ትምጣ» አሉ ሽማግሌው ቡሬን ከማሰሪያው እያስወጡ። «ሴት ከሆነች ልጇ ያርሳል።»

ሴትየዋ ፔርሙዛቸውን ለመውሰድ መጥተው ነበር። «እስከዚያስ ከማን ጋር ልትቀናጅ ነው?» ብለዋቸው ገቡ።